በእህቴ ስም የጻፍኩት ገብስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው መሳደቤን፣ በሰንበት መንገድ መሄዴን እየዘረዘርኩ ስናዘዝ ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴ ይታሰራል። የተሰጠኝን ቀኖና እፈጽማለሁ፤ እሰግዳለሁ፤ እጾማለሁ። ያቺ አንዷ ግን ሳትነገር እንደቆመች ትቀራለች። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል።

እህቴን ሌባ አድርጌያታለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንዳደረግኩት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አገሬ ጋይንት ነው፤ ከቤተ ልሔም ደብር እምብዛም የማይርቅ መንደር። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ማዘንጊያ ናት። እታለም እላታለሁ። ቤተ ልሔም ለድቁና ትምህርት ስገባ ስንቄን በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣልኝ የነበረች እሷ ናት። ባሏ ሲሞትባት፣ ልጅም አልነበራትምና፣ ወደ አባታችን ቤት ተመለሰች። ቤቱ ያን ጊዜ የእኔና የባለቤቴ የይመኙሻል ሆኗል። እኔ ግን ቤቱ የማን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ምሰሶው ቆሞ የቀረው በእሷ ድካም ነው።

እኔ ጽሕፈት ስለምችል ንፋስ መውጫ ከተማ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቼ ጥቂት ዘመን በጸሐፊነት ሠራሁ። እዚያ ያየሁት ነገር ልቤን ሰረቀው። አለቃችን በሰፊ መዝገብ ላይ መስመር ያሰምርና በአንድ በኩል ገቢ፣ በሌላው ወጪ፣ በመጨረሻው ቀሪ እያለ ይጽፋል። መጋዘኑን ሳይከፍት በውስጡ ስንት እህል እንዳለ ያውቃል! ሥራውን ትቼ ወደ እርሻዬ ስመለስ ከገበያ አንድ ደብተር ገዝቼ መጣሁ። ከእንግዲህ የቤቴን እህል በደብተር ላስተዳድር ነው።

ይመኙሻል “ሳይቸግር ጤፍ ብድር!” ብላ ሳቀችብኝ። እታለም ግን አልሳቀችም። እሷ የጎታውን እህል የምታውቀው በጣቷ አንጓ ጎኑን መታ መታ አድርጋ ነው። ድምፁን ታዳምጥና “ይኼ ለፍልሰታ አያደርሰን፤ እጃችንን እንሰብስብ” ትላለች፤ እንዳለችውም ይሆናል። ደብተሩን ባየች ጊዜ “ወንድሜ፣ እህል ሲቆጥሩት እኮ ረድኤቱ ይሸሻል” አለችኝ። እኔ የተማርኩት ሰውዬ በሆዴ አዘንኩላት።

የዚያን ዓመት ገብሳችንን ከአውድማ ስናስገባ ቁናውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እንደ መሥሪያ ቤቱ ሥርዓት የእያንዳንዱን ቁና አፍ በክንዴ ጠርጌ፣ ከጠርዙ ጋር ትክክል እያደረግኩ ሰፈርኩ፤ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ከጎታው በቀዱ ቁጥር ስንት ቁና እንዳወጡ ይነግሩኛል፤ እሱንም ጻፍኩ። ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላም ለተቀመጡት ጎረቤቶቼ “የእኔ ገብስ ዘሬን ዘርቼ፣ ክረምቱን በልቼ፣ አዲሱ እሸት እስኪደርስ ይተርፈኛል” እያልኩ ጉራዬን እነፋለሁ። “የተማረ ይግደለኝ” ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ ልቤ ምን ያህል ያብጥ እንደነበር ብታውቁ!

ሚያዝያ ላይ እታለም ጎታውን መትታ ፊቷ ጠቆረ። “ባዶ ባዶ ይላል” አለችኝ። ደብተሩን አውጥቼ ቀሪውን አነበብኩላት። አንብቤላት ስጨርስ ወደ ሥራዋ ሄደች። ያን ቀን ሰምቻት ቢሆን ምን ነበር? ግን ጎታ ከሚያንኳኳ ሰውና ከጽሑፍ የቱን ልመን?

ሰኔ ሲገባ ለዘር ልንቀዳ ከፈትነው። ወለሉ ይታያል። ደብተሩ አለ ይላል፤ ጎታው የለም ይላል። እንግዲህ ወይ ደብተሩ ዋሽቷል፣ ወይ ሰው ወስዷል። ደብተሩ እንዴት ይዋሻል? የጻፍኩት እኔ ነኛ!

ዓይኔ እታለም ላይ አረፈ። በደጃችን “በእንተ ስማ ለማርያም” እያሉ የሚመጡትን ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን ሰድዳ አታውቅም። እኔን በዚያ ዕድሜዬ ታስብ ነበር መሰለኝ። ጭብጥ ቆሎ የሰጠች ቁና ገብስ ትሰጣለች አልኩ። ስለምትሰጥ ሰረቀች አልኩ። የነፍስ አባታችንን መምሬ ታከለንና ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቼ፣ ያሳደገችኝን እህቴን ከፊታቸው አቆምኳት። ለውጭ ሰው ለስላሳ ነኝ፤ የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚሉት እኔን ነው።

“ማዘንጊያ፣ ልጄ” አሏት መምሬ፣ “ካልወሰድሽ መስቀሉን ይዘሽ አልወሰድኩም በይና ነገሩ ይብቃ።”

“አባቴ፣ እኔ አልወሰድኩም” አለች። “ግን የእግዜርን ስም ለገብስ አልጠራም። ያሳደግኩት ልጅ እንዲያው ካላመነኝ፣ መስቀል ይዤ ቢያምነኝ ምን ይረባኛል?”

በአገራችን ከመሐላ የሸሸ ሰው እውነት የለውም ይባላል። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። እኔ ደብተሩን ገልጬ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ጎንበስ ብለው አዩት። “ጽሕፈት ነው እንግዲህ፤ ምን ይባላል” አለ አንደኛው። መምሬ ብቻ “ልጄ፣ ተው” አሉኝ፤ አልተውኩም። ከወጪው ረድፍ ሥር፣ በፊታቸው፣ “በማዘንጊያ እጅ የጠፋ” ብዬ የጎደለውን ጻፍኩ። ሒሳቡ ገጠመ። ሒሳቡ ሲገጥም ደስ አለኝ። አልደብቃችሁም፤ ደስ አለኝ።

እታለም ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋር ከአንድ ማዕድ አልቆረሰችም። ጥቂት ቀን ቆይታ እስቴ ሄጄ እመነኩሳለሁ አለች። የምትሄድበት ዕለት እኔ ከጎረቤት የተበደርኩትን የዘር ገብስ ይዤ ገባሁ። የጎረቤታችን ሚስት ቁናውን እስኪፈስ ቆልላ ነበር የሰፈረችልኝ። በቤቴ እንደ ልማዴ አፉን በክንዴ እየጠረግኩ ደግሜ ብሰፍረው ከተበደርኩት በለጠ። ገለበጥኩና እንደገና ሰፈርኩት። አሁንም በለጠ።

ይመኙሻልን ጠራሁና “ከጎታው ስትቀዱ እንዴት ነበር የምትሰፍሩት?” አልኳት።

“እንዴት ማለት? እንደ ሰው ነዋ!” አለች። “ቆልለን። ያልተቆለለ ቁና ደግሞ ቁና ነው?”

ይኸው ነው። እኔ ጠርጌ አስገባሁ፤ እነሱ ቆልለው አወጡ። እኔ ሁለቱንም ቁና ብዬ ጻፍኩ። የጠፋ ገብስ የለም። የሰረቀ ሰው የለም። ገብሱን እኔው ራሴ፣ ከልጆቼ ጋር፣ ቁልል ቁልሉን በልቼዋለሁ። ይመኙሻል ነገሩ ሳይገባት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ እኔ ግን ገብቶኛል።

እታለም ደጃፉ ላይ ጓዟን እየቋጠረች ነበር። ድምፄን ከፍ ባደርግ ትሰማኛለች። ቀና አለችና “ወንድሜ፣ እንግዲህ ደህና ሁን” አለችኝ። “ይመኙሻልን አታስከፋት። ጎታውንም አልፎ አልፎ አንኳኳው።” ቁናው በእጄ ነው። እታለም፣ ቁናው ነው፤ አንቺ አይደለሽም፤ ይህን ማለት ብቻ ነበር። ምን ያዘኝ? ሽማግሌዎቹን መልሼ መጥራት፣ ተሳስቻለሁ ማለት፣ ደጀ ሰላም “የተማረ ይግደለኝ” ባሉኝ ሰዎች ፊት መሳቂያ መሆን ያዘኝ። ይኸን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ የሚበልጥ ምክንያት ብሰጣችሁ እዋሻለሁ። ዝም አልኩ። ስትሄድ ከኋላዋ አየኋት፤ ዝም አልኩ። እስከዚያች ሰዓት የሠራሁት ስሕተት ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን ኃጢአት ነው።

ከዓመታት በኋላ ዝናብ ቀርቶብን እህል ፍለጋ አህያዬን ነድቼ ወደ እስቴ ወረድኩ። መካነ ኢየሱስ ከተማ አጠገብ ካለ ደብር ቅጥር ሥር፣ በአንዲት ጎጆ፣ እታለም የሰው ጥጥ እየፈተለች፣ እህል እየተከፈላት ትኖር ነበር። ስታየኝ አለቀሰች። “ከሳህ፣ ወንድሜ” አለችኝ። ሳልጠይቃት ስልቻዬን ተቀበለችኝና መስፈር ጀመረች። ቁናውን ቆለለችው፤ በመዳፏ ደግፋ ጨመረችበት፤ መሬት የፈሰሰውን ለቅማ እሱንም ጨመረችው።

“ይበቃል፣ እታለም” አልኳት።

“ዝም በል” አለችና ሳቀች። “ይኼን ደግሞ እንዳትጽፈው።”

እኔም አብሬያት ሳቅኩ። ልነግራት ነበር የሄድኩት፤ ቢያንስ መንገዱን ሁሉ ራሴን እንዲያ እያልኩ ነበር። ቀልዷን ግን እንደ ይቅርታ ቆጥሬ፣ እህሏን ጭኜ ተመለስኩ። ይቅርታ ነበር እንዴ? ሰው ያልተነገረውን እንዴት ይቅር ይላል?

ብዙም ሳትቆይ ሞተች። መርዶው የደረሰኝ ከገበያ በተመለሰ ሰው ነው፤ እዚያው ቀብረዋታል። እኔ አገር የተናገረለት ተዝካር ደገስኩ። ሰው ሁሉ “እህቱን ይወድ ነበር” አለ። ካህናቱ ጸልየው ሲጨርሱ ይመኙሻል እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና፣ ከልቧ፣ ያለ ክፋት፣ “ያንን ገብስ እግዜር ይቅር ይበላት” አለች። የተሰበሰበው ሁሉ “አሜን” አለ።

እኔም አሜን አልኩ።

ደብተሩ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው። ያንን መስመር ልሰርዘው ብዕር አንስቼ አውቃለሁ። ብሰርዘው በቦታው የእኔን ስም መጻፍ አለብኝ፤ ይመኙሻል ባታነብም ልጆቼ ያነባሉ። እጄ ይመለሳል። አሁን አርጅቻለሁ፣ ሞት ቀርቧል፣ ስለዚህ ተናዘዘ ትሉኝ ይሆናል፤ እውነት ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያስመሰግን አይደለም።

“እግዚአብሔር ይፍታህ” አትበሉኝ። እሱን ለመስማት ብዬ አይደለም የነገርኳችሁ። በጋይንት በኩል ካለፋችሁና የማዘንጊያ ስም ከተነሣ፣ አልወሰደችም በሉልኝ። እኔ እስካሁን ያልቻልኩት ይህችን አንዲት ቃል ነው።