የፕሮፌሰሩ እጅ እና የቅመም ጫማ

በማይክሮባዮሎጂ ምርምር ላብራቶሪው ውስጥ ሁሉም ሰው «ቅመም» ነው የሚላት። እናቷ እንኳን ሲቆጡ ካልሆነ በቀር በዋናው ስሟ አይጠሯትም። ባክቴሪያ የምታጠና ተመራማሪ ናት፤ በሥራዋ ማንም እንከን አያወጣላትም። ያስቸገረው አመሏ ነው። የጓደኛዋን የጋውን እጅጌ ጫፉን ሰፍታበት፣ ክንዱን ሲያስገባ ሲያወጣ እሷ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ መልአክ ትመስላለች።

ኃላፊው ፕሮፌሰር ደግ ሰው ናቸው። ብቻ የእጅ መታጠብ ነገር ከተነሳ ምላሳቸው አያርፍም። «ታጠባችሁ?» ይላሉ ሲገቡ፤ «ታጠባችሁ?» ይላሉ ሲወጡ። አንድ ጠዋት ውሃው ገና ከጣቷ እየተንጠባጠበ ቅመምን «ታጠብሽ?» አሏት። ያን ጊዜ ነገር በሆዷ ገባ።

«ፕሮፌሰር፣ ለምን ሁላችንም አንፈተንም?» አለች። «ጣታችንን ሳህን ላይ እንጫንና የማን እጅ ንጹሕ እንደሆነ ይለይ።»

«መልካም። እኔም አለሁበት» አሉ፤ እንደሚያሸንፉ አልተጠራጠሩም።

ሳህኖቹ የባክቴሪያ ምግብ የረጋባቸው ክብ ፕላስቲኮች ናቸው፤ በዓይን የማይታየው ተሐዋሲ ማሞቂያ ውስጥ ሲሰነብት አብቦ ይታያል። ሁሉም ጣቱን ጫነ። ቅመም ግን ሰው ወጣ ሲል የፕሮፌሰሩን ሳህን ጣለችና፣ በአዲስ ሳህን የጫማዋን ሶል አስነክታ ስማቸውን ከሥሩ ለጠፈችበት።

ውጤቱ ሲደርስ ፕሮፌሰሩ ስሞቹን ሳያዩ እያነሱ ፈረዱ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ተኮማተረ። ቢጫው፣ ግራጫው፣ ጠጉራሙ ተደባልቆ በቅሏል።

«የዚህ ባለቤት» አሉ፣ «እንኳን ላብራቶሪ ሰው ቤትም መግባት የለበትም።»

ሳህኑን ገለበጡት። ስማቸውን አነበቡ። የቅመም ጓደኛ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ከዚያ ወዲህ የድሮው ፕሮፌሰር ጠፉ ማለት ይቻላል። ጥያቄያቸው ቀረ። እጃቸውን እስኪሰነጣጠቅ ይፈትጋሉ፤ ሰው ሰላም ሲሉ ክርናቸውን ነው የሚዘረጉት። ቅመም ቤት ገብታ ለእናቷ ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እያደር ግን ያን የቆሰለ እጅ ስታይ ሆዷ ይባባ ጀመር። ልንገራቸው ትላለች፤ ፊታቸው ስትቆም ሌላ ነገር ጠይቃ ትመለሳለች።

ጉዱን ያወጡት እናቷ ናቸው። ቅመም የረሳችውን ቁልፍ ሊያቀብሏት ሲመጡ ፕሮፌሰሩ በር ላይ አገኟቸውና እጃቸውን ወደ ኋላ ሸሸጉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፤ እጄ ደህና አይደለም።»

«ኧረ የኔ ጌታ፣ እጅዎ ምን በወጣው» አሉ እናት ከልባቸው አዝነው። «ሳህኑን ያስነካሁት የጫማዬን ሶል ነው ብላኛለች እኮ።»

ቁልፉን ልትቀበል የወጣችው ቅመም መሬት ብትከፈትላት ዘላ በገባች ነበር። ፕሮፌሰሩ እናትየዋን አዩ፣ ቅመምን አዩ፣ ከዚያ ጫማዋን አዩ። እናትየዋን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ሻይ ጋብዘው፣ በክብር ሸኟቸው።

ፍርዱ በስብሰባ ላይ ተሰማ።

«አንዲት ባልደረባችን በጫማ ሶል ላይ አስደናቂ ግኝት አላት» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። «ግን ሳይንስ ሳይደገም አይታመንም። ስለዚህ ከፋኩልቲው መምህራን ሁሉ የጫማ ናሙና ይወሰድ። እሷው ትሰብስብ።»

«ከሁሉም?» አለች ቅመም በቀጭን ድምፅ።

«ከዲኑ ጀምሪ።»

ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨቷን ይዛ ሄደች። ዲኑ እንግዶች ከበዋቸው ተቀምጠዋል። «ይቅርታ፣ እግርዎን ከፍ ቢያደርጉልኝ» አለቻቸው፤ የምትገባበት ጠፍቷት።

«ፈረስ መሰልኩሽ?» አሉ ዲኑ። ግን ሳይንስ ነው ስትላቸው እግራቸውን ወንበር ላይ ዘረጉላት፤ እንግዶቹም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ቅመም ናሙናዋን ይዛ ስትወጣ ፕሮፌሰሩ ከበሩ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እሷም አልቻለችም፤ አጠገባቸው ተደግፋ አብራቸው ሳቀች።