ያልተገኘው አጥንት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳሮን ከጓደኛዋ ልደት ተመለሰችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፍሪጁን ከፈተችው። "እንዴ፣ ፓርቲው ላይ አልበላሽም?" አልኳት። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ፒዛው ሁሉ የአሳማ ሥጋ ነበረበት፤ አልፈልግም ስትል ልጆቹ አይሁድ ነሽ ወይስ ሙስሊም ብለው ጠየቋት፤ ሁለቱንም አይደለሁም አለች። ታዲያ ለምን አትበይም አሏት። "ለምንድነው ግን፣ ማሚ?" አለችኝ፤ ይህችን እንኳ በአማርኛ።

ፍሪጅ ውስጥ ያለውን ላሞቅላት ተነሳሁ። የምስር ወጡን ሳህን እንደያዝኩ፣ የዛሬን አያድርገውና፣ በወጣትነቴ እዚሁ ሚኒሶታ ያሳለፍኩት አንድ ገና ትዝ አለኝ።

ያኔ ሴንት ፖል፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ ጎሚስታ በላይ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። ዛሬ በመንገዱ የሚያልፈው ባቡር ያኔ ገና አልመጣም፤ መስኮቴን የሚያንቀጠቅጠው አውቶቡሱ ነበር። ጠዋት ኮሌጅ እማራለሁ፣ ከሰዓት ኤደን ፕሬሪ የሚባል ከተማ፣ አንድ ዌርሃውስ፣ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። ብርዱን ተዉት፤ ብርድ በጃኬት ይመከታል። እኔን የጎዳኝ የብሬክ፣ የእረፍት ሰዓት ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ደግ ሰው ስለነበር ዓርብ ዓርብ ፒዛ ይገዛልናል፤ ላዩ ላይ ቀያይ የአሳማ ቋሊማ ተደርድሮበት። እኔ ቆሎዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ይጠሩኝ ነበር፣ በኋላ ተዉኝ። "ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል" ይባል የለ? በሃያ ዓመቴ የምሞት ይመስለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ኮሌጅ ከወሰድኳቸው ትምህርቶች አንዱ የጥንታውያን እስራኤላውያን ታሪክ ነበር። የመረጥኩት፣ ምን እዋሻለሁ፣ የማውቀው መስሎኝ ነው። ደሴ እኛ ቤት ኦሪት የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። ወንድሜ የተገረዘው በስምንተኛው ቀን ነው፤ እናቴ ቅዳሜ እህል አታስፈጭም፤ የአሳማ ስም ሲነሳማ እንትፍ ትላለች። ኤ ማግኘቴ አይቀርም ብዬ ገባሁ። ወይ አለማወቅ! መምህሯ፣ ድምጿ በግድ የሚሰማ አሮጊት፣ ሙሴንም ኢያሱንም ትታ ከቆሻሻ ጀመረች።

ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በከነዓን ኮረብታዎች ላይ ትናንሽ መንደሮች በቀሉ አለችን። ቤተ መንግሥት የላቸው፣ ስማቸውን ጽፈው አልተዉ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ እስራኤል የሚለው ስም መጀመሪያ የተገኘው አንድ የግብፅ ንጉሥ አጠፋኋቸው ብሎ በፎከረበት ድንጋይ ላይ መሆኑን ስትነግረን ሳቄ መጣ። ብዙ ሊቃውንት እነዚህ ሰዎች ከግብፅ ሳይሆን ከዚያው ከከነዓን ሰው መሃል የወጡ ናቸው እንደሚሉ ስትጨምር ግን ሳቄ ጠፋ።

"ታዲያ ከጎረቤቶቻቸው በምን እንለያቸዋለን?" ብላ ጠየቀች። መልሱንም ራሷ ሰጠች።

"በጣሉት አጥንት" አለች።

በባሕሩ ዳር፣ በፍልስጥኤማውያን ከተሞች፣ የአሳማ አጥንት ሞልቷል። ኮረብታው ላይ የበግ፣ የፍየልና የበሬ እንጂ የአሳማ የለም ማለት ይቻላል። ሊቃውንት ሁሉ በዚህ እንደማይስማሙም አልደበቀችንም። ሕጉ በመጽሐፍ የተደራጀው ቤተ መቅደሱ ተቃጥሎ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተጋዘ ወዲህ ሳይሆን አይቀርም አለች፤ አገርም ንጉሥም ሲያጡ ማዕዳቸውንና ሰንበታቸውን ይዘው ቀሩ።

በዚያው ሳምንት፣ ከጎኔ ካርቶን የምታሽገው ሊሳ "ገናን ከእኛ ጋር አሳልፊ" አለችኝ። አሜሪካ ከገባሁ ሰው ቤት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታዬን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! የእኛው ገና ገና አልደረሰም፣ ጾም ላይ ነኝ። ግድ የለም፣ እገድፋለሁ፣ እግዜር የብቸኛ ሰው ነገር ይገባዋል አልኩ። ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ።

እናቷ ከምድጃው ያወጣችው በማር የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ የአሳማ ታፋ ነበር። ሽታው፣ ይቅር ይበለኝ፣ ያስጎመጅ ነበር። ትልቁን ቁራጭ ቆርጣ ለእኔ አደረገችልኝ፤ እንግዳ ነኛ። ማን ያየኛል? እናቴ ደሴ ናት፣ የነፍስ አባቴም እዚያው። አንዴ ብጎርሰው ጓደኛ ይኖረኛል፣ ዓርብም ከሰው ጋር እቀመጣለሁ። ሹካውን አነሳሁ። እጄ እምቢ አለኝ።

"ይቅርታ፣ የአሳማ ሥጋ አልበላም" አልኩ።

"አይሁድ ነሽ እንዴ?" አለች እናትየዋ።

"አይ፣ ክርስቲያን ነኝ።"

"እኛም እኮ ክርስቲያን ነን!"

አባትየው ሊረዳኝ ፈልጎ "ዛሬ እኮ ገና ነው" አለ። ኧረ የእኛው ገና አልደረሰም ብለውማ ምን ሊል ነበር! ዳቦና ድንች በላሁ። ማንም አልተቆጣኝም፤ የሚኒሶታ ሰው አይቆጣም፣ ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። ሊሳ በመኪናዋ ወደ ቤቴ ስታደርሰኝ ያወራችኝ ስለ በረዶው ብቻ ነው። ሁለተኛ አልጠራችኝም።

ክፍሌ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ አለቀስኩ። እግሬ ስር የቆሻሻ ቅርጫቴ ነበር፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሻይ ቅጠል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሰው ቢቆፍረው ምን ይል ይሆን? እነዚያን የኮረብታ ሰዎች ቀናሁባቸው። አንዳቸው አሳማውን ሲተወው የመንደሩ ሰው ሁሉ አብሮ ትቶት ነበር፤ ስለዚህ ሕዝብ ሆኑ። እኔ ብቻዬን ስተወው ግን ረሃብ ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሳሮን ነገርኳት። "ፒዛውን ልበላው ነበር እኮ" አለች። "አንቺ አልነበርሽም። ማን ያውቃል ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተውሽው?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "አይ ዶንት ኖው።"

እኔም ያኔ አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቀውም። ራቴን በልቼ ጠግቤ ነበር። ቢሆንም ምስሩን አሙቄ በአንድ ትሪ አቀረብኩና፣ "ጠጋ በይ" ብዬ አብሬያት በላሁ።