ሰባ ላይ የሚመጣው ንዝረት

ታላቅ ወንድሜን ሰው ሁሉ «ጆሮው» ነው የሚለው። መኪና በደጅ ሲያልፍ ከሰማ በሽታውን ይነግርሃል። ሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ሲያመላልስ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆመም። አፉ ግን አያርፍም። እኔም የሱው እህት ነኝና ከማን አንሼ!

አዲሱ ሰርቪስ የመጣ ዕለት የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም ነበር። ሁሉም እየዞረ ሲያደንቅ፣ ወንድሜ ብቻ ነድቶት ሲመለስ ፊቱን አጨፍግጎ ወረደ።

«ሰባ ላይ ስደርስ ከእግሬ ሥር ይንዘፈዘፋል» አለ።

«ኧረ በፈጣሪ! አዲስ እኮ ነው!» አሉት።

ጋራዥ አስገባው። ጎማ ቀየሩለት፣ መሪውን ፈትሸው አጠበቁለት። የጋራዡ ኃላፊ ግን መኪና የሚሞክረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ባዶውን፣ በአርባ፣ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ። በአርባ ምን ይንቀጠቀጣል? «ችግር አልተገኘበትም» ብሎ ይፈርምና ይመልሰዋል። ወንድሜ «ሰው ጭነህ ዋናው መንገድ ላይ ሞክረው» ሲለው፣ «ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?» ይለዋል። ሰባት ጊዜ ተመላለሰ። በሰባተኛው «ነዝናዛ» ተብሎ ቁልፉን ተቀማና በር ጠባቂ አደረጉት። ቁልፉን ለማን የሰጡት ይመስላችኋል? ለባሌ።

ባሌ ስምንት ወር ሥራ ፈትቶ ከግድግዳ ጋር ሲፋጠጥ የከረመ ሰው ነው። ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ከሥራ መልስ ቤታችን መጣ።

«ስማኝ፣ ከስድሳ እንዳታልፍ» አለው ባሌን። «አንድ ቀን ከሥሩ የሆነ ነገር ይበጠሳል።»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው! «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ እንኳን ቅናት ነው» አልኩት። ፊቱ ልውጥ አለ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እቤታችን ስለዚያ መኪና አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ባሌ መጀመሪያ ሰሞን በስድሳ ነዳ። ሠራተኛው እያረፈደ ሲገባ አለቃው ጮኸበት። አንድ ቀን ቸኩሎ ቢረግጠው፣ ንዝረቱ ሰባ ላይ መጣ፣ ሰማንያ ላይ ባሰበት፣ ዘጠና ሲደርስ ጭጭ አለ። እየሳቀ ቤት ገባ።

«መድኃኒቱን አገኘሁለት! ይሄ መኪና የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ ቶሎ ካለፍሽው ይተወዋል።»

ሾፌሮቹ «አንተ ጎበዝ!» አሉት። የጋራዡ ኃላፊም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ኮራሁበት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በዘጠና ይነዳ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን አድርሶ ሲመለስ፣ ከሞተሩ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ተበጥሶ ወለሉን በሳው። መኪናው መንገዱን ስቶ ከድልድይ ላይ ወደቀ። ሬሳውን ሲያመጡት፣ አለቃው «ተመስገን፣ ሰው አልጫነም ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ባሌ ሰው አይደለም?

ወንድሜ ከቀብር መልስ ከጎኔ ተቀመጠ። «ብዬ ነበር» እንዲለኝ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ በቀለለኝ። በመጨረሻ እኔው ጠየቅኩት።

«ወንድም ጋሼ፣ በዘጠና እንደሚነዳው ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ሾፌሮቹ በሩ ላይ ቆመው ሲያወሩ እሰማለሁ። ንዝረቱ ሲጠፋ ጉዳቱ እንደማይቆምም አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

አንገቱን ደፋ።

«እውነትሽን ነበር» አለኝ። «ቁልፉን ሲወስድ ቀንቼበታለሁ። ደግሜ ብናገር ይታወቅብኛል ብዬ አፈርኩ።»