በአምስት ክር የተመታው ክራር

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር በተፋፋመበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በዋለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው ያን ዕለት ባየሁት ነገር የተነሳ አይደለም። ሳላይ በቀረሁት ነው። ያየሁትንማ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ።

ያኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበርኩ። የምንኖረው ቦሌ፣ ዛሬ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ነው። አሁን ምግብ ቤትና እንግዳ ማረፊያ የሞላበት መንገድ ያኔ ግማሹ ሣር ነበር፤ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል አመላልሳለሁ። ከሥራ በኋላ ደግሞ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ክራር መቺ ነኝ።

ክራር ያስተማረኝ አባቴ ነው። ከሰሜን፣ ከገጠር የመጣ ሰው ነበር፤ አዲስ አበባ ዘበኛ ሆኖ ሠርቶ፣ ዘበኛ ሆኖ ሞተ። ገንዘብ አላወረሰንም። ለእኔ ክራሩን፣ ለታናሽ ወንድሜ ለግርማ ደግሞ ረጅም ቁመቱን ትቶ አለፈ።

ግርማ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ነበር። ከጥምቀት በኋላ አንድ ማለዳ መጥተው ወሰዱት። እናቴ ወደ እስር ቤቱ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ጀመር። ፋሲካ አልፎ በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ዕቃውን ይዛ ስትሄድ፣ በሩ ላይ የቆመው ሰው «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። በዚያ ዓመት ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ እናት አልነበረችም። ምሳ ዕቃውን እንደሞላ ይዛው ተመለሰች።

ማልቀስ ክልክል ነበር። ድንኳን አልተተከለም፣ እድርተኛ አልተጠራም። ጎረቤት አንድ በአንድ «ወንፊት ልዋስ ነው» እያለ ይገባና እናቴን አቅፎ ይወጣል። በዚያ ሳምንት ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚበቃ ወንፊት ከቤታችን ወጥቷል፤ ቤታችን ግን የነበረው አንድ ወንፊት ነው። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ከውስጥ አድርጋ አበባ ያለበትን ከላይ ደረበች። አልፎ አልፎ «ልጄ አልቃሽ ሳያገኝ ቀረ» ትላለች።

እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ፋይል አመላልሳለሁ። ጥርስ ሊነቅሉለት ድዱን እንዳደነዘዙት ሰው ነበርኩ። አንድ ነገር ከእኔ ላይ እየተነቀለ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን አያመኝም።

ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። በአባቴ መንደር ሐዘን የደረሰበት አዝማሪ አርባ ቀን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይችልም፤ ከተቀመጠ ልጆቹ ጾማቸውን ያድራሉ። ስለዚህ መምታቱን ይመታል፣ ነገር ግን ከስድስቱ ክሮች አንዷን ያላላታል። እንዳትጮህም በግራ እጁ ጣት እንደተጫናት ይጨርሳል። ለአባትና ለእናት ወፍራሟ ክር ናት። ለወንድምና ለእህት ከእሷ ቀጥላ ያለችው። ሰሚው ምንም አያውቅም። አባቴ እህቱ በሞተች ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናቴ ከምሳ ዕቃው ጋር የተመለሰች ዕለት ማታ ያቺን ክር አላላኋት። ከኪነቱ ብቀር «የማንን ሐዘን ተቀምጦ ነው?» መባሉ አይቀርም። እናቴ ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም አልቀራትም። ስለዚህ ካኪዬን ለብሼ እየሄድኩ በአምስት ክር እመታ ጀመር። አኮርዲዮኑና ከበሮው ስለሚውጠኝ ማንም ልብ አላለም።

ቅዳሜ ዕለት ጉርድ ሾላ አጠገብ የአንድ አዲስ አዳራሽ ምርቃት ነበር። ለመጫወት የተጠራነው እኛ ነን። የክብር እንግዳው ደግሞ አገር ያወቀው ክራር መቺ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እኛ ጋሼ ነበር የምንለው።

እኔና ግርማ በእሱ ክራር ነው ያደግነው። ራዲዮ ላይ ሲመጣ አባቴ እጁን አንስቶ ቤቱን ጸጥ ያሰኝ ነበር። «ይህ ሰው ከእኛ መንደር ወንዝ ማዶ ነው ያደገው» ይለናል፣ ወንዙን እሱ የሠራው ይመስል። እኔ የጋሼን የክራር አመታት ለመቅዳት ስታገል ግርማ ይስቅብኛል። «አንድ ቀን ታገኘው ይሆናል» ይለኝ ነበር፤ «እኔ በሌለሁበት ካገኘኸው ግን አይቆጠርም!»

መድረክ ላይ ወጣን። ጋሼ ከፊት ረድፍ ከቀበሌያችን ሊቀመንበር ጎን ተቀምጧል። ነጭ ኩታ ለብሷል፣ ራዲዮ ውስጥ ከማውቀው ሰው አጠር ያለ ነው። ስለ ምርት ዘመቻና ስለ አብዮቱ ሁለት መዝሙር ተጫወትን። ሁለተኛው ላይ ቀና ስል ጋሼ እጄን እያየ ነው፣ ፊቴን አይደለም። ዓይኑ ግራ እጄ ላይ፣ ያቺ የማትነሳው ጣቴ ላይ ነበር። መዝሙሩ እስኪያልቅ ከዚያ አልነቀለውም።

ከመድረክ ወርደን ዕቃ ስንሰበስብ ዮሐንስ እየሮጠ መጣ። ዮሐንስ አኮርዲዮን ተጫዋቻችን ነው፤ ለወሬም ለመልእክትም የሚቀድመው የለም።

«ና ቶሎ! ጋሼ ጠርቶሃል» አለኝ።

«እኔን?»

«አንተን ነዋ! ‹ያን ክራር መቺ ልጅ አምጡልኝ፣ ስለ ክራሩ የማናግረው ነገር አለ› አለ። ሊቀመንበሩ ራሱ ከጎኑ ወንበር አስለቅቆልሃል። ምን ትገተራለህ?»

ስለ ክራሩ። ያኔ በአእምሮዬ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጋሼ እንደ ባለሙያ ጥፋቴን አይቷል። በሊቀመንበሩ ፊት ያቺን ክር ነካ አድርጎ «ልጄ፣ ይህቺ ምን ሆና ነው?» ይለኛል። ተበጥሳ ነው እንዳልል አልተበጠሰችም። መቃኘት አላውቅም ካልኩ ደግሞ መድረክ ላይ ምን አወጣኝ? ሊቀመንበሩ ወንድሜ መወሰዱን ያውቃል። በክራር ማልቀሴን ካወቀ፣ በሚቀጥለው ቀን ለእኔ ስንቅ የምታመላልሰው ማን ናት? ያቺው እናቴ ናት።

ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ የወንዝ ማዶ ሰው መሆኑ ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር። አባቴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል! ትዝ አላለኝም።

ደግሞ ሁሉንም በፍርሃት ማሳበብ አልፈልግም። ለማግኘትም አልጓጓሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ የተመኘሁት ሰው ሃያ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ፣ ልቤ አንዲት ጊዜ እንኳ ከፍ አላለም። ግርማ «አይቆጠርም» ያለው ብቻ መጣብኝ።

«እናቴ አሟታል፣ መሄድ አለብኝ በለው» አልኩት።

ዮሐንስ ክንዴን ያዘኝ። «ጤነኛ ነህ? ሰው እሱን ለማየት ይጋፋል፣ አንተ ትኮራለህ? እናትህ አምስት ደቂቃ አትጠብቅም?»

«አትጠብቅም» አልኩት።

ክራሬን በጨርቅ ጠቅልዬ በጓሮ በር ወጣሁ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ጭነት ከያዙ ሁለት ሴቶች ጋር ቆምኩ። ባሕር ዛፉ ይሸታል፣ አቧራ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአዳራሹ የጋሼ ክራር በማጉያ ተሰማ። አልሰማሁም አልልም፣ ሰምቻለሁ። ድምፁ ሳሳ ያለ መሰለኝ፣ እንደማውቀው አልሞላልኝም። ማጉያው ነው አልኩና አውቶቡሱ ሲመጣ ተሳፈርኩ።

ከዚያ በኋላ በኪነቱ ውስጥ ስሜ «ፊውዳሉ» ሆነ። «ፊውዳሉ መጡ፣ ወንበር አምጡላቸው» ይሉኛል። በዚያ ዘመን ለቀልድም ቢሆን የሚያስደስት ስም አይደለም፤ ግን ተቀበልኩት። ኩሩ መባል ሐዘንተኛ ከመባል ይሻል ነበር። አርባው ሲሞላ ክሯን አጠበቅኳት፣ ነገሩም በዚሁ አበቃ ብዬ ተውኩት።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ጋሼ ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ካፌ ውስጥ ከዮሐንስ ጋር ተገናኘን። ሸምግሏል፣ አኮርዲዮኑንም ሸጦታል። ማኪያቶ አዘዝን። ስለ ጋሼ ሲነሳ ዮሐንስ ገና ሳይጀምር ሳቀ።

«ያን ቀን እኮ ጥለህ ሄድክ እንጂ ጉድ አምልጦሃል። ሰውዬው ያኔውኑ አርጅቶ ነበር መሰለኝ። መድረክ ላይ ወጣ፣ ክራሩን ያዘ፣ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንዱን ክር ይዞ አላላው! ይቃኛል ስንል ቆይ ቆይ፣ መልሶ አላጠበቀውም። እንደላላ መታው። ከኋላ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ሊቀመንበሩ ያጨበጭባል።»

ስኒዬን አስቀመጥኩ። «የትኛውን ክር?»

«እኔ የአኮርዲዮን ሰው፣ በምን አውቃለሁ? ቆይ... ወፍራሙን ሊይዝ ነው ብዬ ሳስብ አልፎት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን።»

«እኔ አልመጣም ማለቴን ስትነግረው ምን አለ?»

«ምንም። አልተቀየመም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ‹ወንድም አለው?› አለኝ። ‹አንድ ነበረው› አልኩት። ይህንኑ ነው ያልኩት። ከዚያ ተነስቶ ወደ መድረኩ ሄደ።»

ማኪያቶዬን ጠጣሁ። የራሴን ሒሳብ ልከፍል ስል «ፊውዳሉማ አይከፍልም» ብሎ ከፈለልኝ፣ ተሰነባበትን።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ስለ ጣቴ፣ ስለ ወንዝ ማዶው ሰው፣ ሊቀመንበሩ ፊት ስለላላችው ክር። ስጨርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ «ልጄ፣ ልጄ» እያለች፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ከዚያን ዓመት ወዲህ እንዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር። ጎረቤት ደንግጦ በር አንኳኳ። «ምንም አይደለም፣ ልጄ ሞቶብኝ ነው» አለቻቸው፣ ዛሬ የሞተ ይመስል።

ከዚያ በኋላ «ልጄ አልቃሽ ሳያገኝ ቀረ» ብላ አታውቅም።

ያን ዕለት ግን እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ ለማወቅ ብቻ ነው።

«ሰውዬው ለግርማዬ ሲያለቅስለት አንተ የት ነበርክ?»

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ለእሷም ክር አላልቻለሁ፤ ወፍራሟን። ድንዛዜው አሁን ለቆሃል ወይ ብትሉኝ፣ አንዳንድ ቀን ለቆኛል፣ አንዳንድ ቀን አለ። በጉርድ ሾላ ሳልፍ ፌርማታው የነበረበትን ቦታ ሱቆች ይዘውታል፤ የቱ ጋ እንደቆምኩ በትክክል ማሳየት አልችልም። ጥያቄዋ ግን ዛሬም ይመጣብኛል፣ የምመልሰውም ያንኑ ማታ የመለስኩላትን ነው።

«አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር፣ እማዬ።»