ከተከዜ የወጣው ማኅተም

አውሮፕላኑ ወደ ላሊበላ ዝቅ ሲል ግራ ጆሮዬ እንደ ልማዱ ጠዘጠዘኝ። አስተናጋጇ ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላ ምን ያደርግልኛል!

በደርግ ጊዜ አባቴ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበር። ተከዜን ሲሻገር የማኅበሩ ማኅተም ከኪሱ አምልጦ ጥልቁ ውኃ ውስጥ ገባ። ያለ ማኅተም ደግሞ የእርዳታ እህል አይወጣም። ዋና ስለምችል እኔን አስገባኝ።

በወጣትነታቸው ሲጠልቁ ጆሯቸው የደነቆረው አጎቴ፣ “ልጄ፣ ገና ሳያምህ አፍንጫህን ይዘህ ንፋ። ጆሮህ ካልተከፈተልህ ተመለስ፤ ማኅተም ሌላ ይቀረጻል” አሉኝ።

ሁለቴ ተመለስኩ። አባቴ፣ “አገር ተርቦ አንተ ስለ ጆሮህ ታወራለህ?” ሲለኝ እልህ ያዘኝና እስከ ታች ወረድኩ። ማኅተሙን ስጨብጥ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ።

አባቴ ማኅተሙን በጋቢው እያደረቀ፣ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረኝ። በግራዬ ቆሞ ነበርና ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።