በአሥራ አራት ቁጥር ማን ይኖራል?

ጨርቁን መስኮቱ ሥር ባለው ዘቅዛቃ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። መጀመሪያ መዳፏን በላዩ ታንሸራትታለች፤ ዓይኗ ያላየውን ጉጥ ጣቷ ያገኘዋል። ጉጡን በወረንጦ ትስብና በመቀስ ጫፍ ትቆርጠዋለች። ቀጥሎ ድሩ የተበጠሰበትን ቦታ ትፈልጋለች። ከዚያው ጨርቅ ጠርዝ አንድ ክር ትመዛለች፤ የሌላ ጨርቅ ክር አይሆንም፣ ቀለሙ ያጋልጣል። ክሩን በመርፌ ሁለት በላይ፣ ሁለት በታች እያደረገች ሽመናውን ትከተላለች። ስትጨርስ በጥፍሯ ፍቃ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። የሥራው ጥራት የሚለካው በአንድ ነገር ነው፦ እጇ እዚያ ማለፉ መታወቅ የለበትም።

ሄቲ ሆልሮይድ ይህን ሥራ የጀመረችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ በእንግሊዝ አገር ዮርክሸር ከሚገኙ የሱፍ ፋብሪካዎች በአንዱ ነው። ዛሬ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፋብሪካው ቢዘጋም ሥራው ቤቷ ድረስ ይመጣላታል።

እኔ የጋዝ ማሞቂያ ጠጋኝ ነኝ። ባለፈው ጥር ለዓመታዊው ፍተሻ ወደ አሥራ አራት ቁጥር ቤት ሄድኩ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሪት ኦሊቭ ሆልሮይድ በኅዳር አእምሮዋ ከድቷት የአረጋውያን መጦሪያ መግባቷን ሰምቼ ስለነበር፣ ቁልፍ ፍለጋ ፊት ለፊት የምትኖረውን የሸርሊን በር አንኳኳሁ።

«ባዶ ቤት ምን ሊያደርግልህ ታሞቀዋለህ?» አለችኝ።

«ውኃው በረዶ ሆኖ ቱቦውን እንዳያፈነዳው ነዋ።»

«እኔ ቁልፍ የለኝም። ቢኖረኝም አልገባም። ኦሊቭን በወሰዷት በሦስተኛው ቀን መጋረጃው ተገለጠ፤ ራሷ ኦሊቭ ቆማ ታየኛለች! የሻይ ስኒው ከእጄ ወደቀ።»

«መነጽርሽን አድርገሽ ነበር?»

«ወግድ! አንድ ቀን ቢሆን እሺ። በየቀኑ ነው እኮ!»

ተሻግሬ ደወልኩ። ኦሊቭ ከፈተች። ያው ፊት፣ ያው ቡናማ ካፖርት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ወረቀቴን የፈረመችልኝ ሴት። የመሣሪያ ሳጥኔን እንዴት እንዳልጣልኩት አላውቅም።

«ግባ እንጂ ልጄ፣ ብርዱን አታስገባብኝ» አለች። «ኦሊቭ አይደለሁም፣ መንታ እህቷ ሄቲ ነኝ። ሰሞኑን ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያፈጥብኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ሃያ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ነበሩ፤ ብቻቸውን መቅረት ይፈሩ ስለነበር አንዷ ስትወጣ አንዷ ትቀራለች። ደህና ካፖርት አንድ ብቻ ነበራቸው። የመንገዱ ሰው የሚያውቀው አንዲት ወይዘሪት ሆልሮይድን ነው። ሄቲን «ኦሊቭ» ሲሏት አቤት ትላለች። «ወተት ልገዛ ወጥቼ የዘር ማንዘሬን ታሪክ ልተርክ?» አለችኝ። እናታቸው ከሞቱ በኋላም ልማዱ አልተዋቸውም። ቤቱ የኦሊቭ፣ የመብራቱና የውኃው ደረሰኝ በኦሊቭ ስም ነው። ሄቲ በመዝገብ የምትኖረው በወጣትነቷ ሌላ ከተማ በተከራየችው ክፍል ነው፤ ያ ቤት ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል።

የመጦሪያውን ወጪ ማዘጋጃ ቤቱ የሚከፍለው ሀብት ገምቶ ነው። የኦሊቭ ቁጠባ ከሃያ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ፓውንድ በታች ስለሆነ አያስቸግርም። ቤቱ ግን እንደ ሀብት ይቆጠራል፤ ከተቆጠረ ይሸጣል፣ ሄቲም ትወጣለች። ባለቤቷ ከመግባቷ በፊት ጀምሮ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ የቅርብ ዘመድ ይኖርበት ከነበረ ግን አይነካም። ሄቲ ያ ዘመድ ናት። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

ገማቿ ወይዘሮ ካፕስቲክ ትሑት ሴት ናቸው። ጎረቤቱን ጠየቁ፤ ሁሉም «አንዲት ሴት ብቻ» አለ። መጦሪያው ሄደው ኦሊቭን ራሷን ጠየቁ፦ «ቤት ውስጥ ከእርስዎ ጋር ማን ይኖር ነበር?»

«ኦሊቭ ናታ» አለች ኦሊቭ። «እኔ ሄቲ ነኝ። እሷ ካፖርቱን ለብሳ ወጥታለች። እስክትመለስ ነው የምጠብቀው።»

ወይዘሮ ካፕስቲክ የሄቲን ቃል ሊያስፈርሙ ሲመጡ እኔ መለዋወጫ ልገጥም ወጥ ቤት ነበርኩ። ሄቲ ብዕሩን ተቀብላ ሳታመነታ ፈረመች። ሴትየዋ ወረቀቱን አዩና መልሰው አዞሩላት።

«ይህን ያነቡልኛል?»

የተጻፈው «ኦሊቭ ሆልሮይድ» ነበር።

«እጄ ነው» አለች ሄቲ፣ እጇን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል እያየች። «እጄ ለምዶ ነው።»

ሌላ ወረቀት ሰጧት። የራሷን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጽፋ ቆመች። ቀጣዩ ጠፋት። በመጨረሻ ጨረሰችው፤ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ጽሕፈት ይመስላል።

«እኔ አምንዎታለሁ» አሉ ወይዘሮ ካፕስቲክ። «ፋይሉ ግን አያምንዎትም። ዘመድ ያልሆኑ ሁለት ሰዎች፣ ከኅዳር በፊት እዚህ እንደሚኖሩ ያውቁ እንደነበር ይጻፉልን። እስከ ወሩ መጨረሻ።»

ሲወጡ የአሥራ ዘጠኙን ዓመት ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። አሥራ ዘጠኝ «ኦሊቭ»፤ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«የትኞቹ ናቸው የእርስዎ?»

«ግማሹ።»

«የትኛው ግማሽ?»

በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አንዱንም መለየት ስላቃታት ሰብስባ መለሰችልኝ። ስለዚህ እኔ ከጥር ወዲህ ብቻ ነው የማውቃት፤ ለምስክርነት አልበቃሁም።

ይህን የጻፍኩት እሷ ስላዘዘችኝ ነው። ቃሏ ይኸውና፦

«መንገዳችን ላይ የኖራችሁ፣ ወይም አልፋችሁ የምታውቁ፣ መለስ ብላችሁ አስቡልኝ። ወይዘሪት ሆልሮይድ አንድ ቀን በስማችሁ የጠራቻችሁ፣ በማግስቱ ግን ያላወቀቻችሁ ጊዜ አለ? ሰኞ የነገራችኋትን ማክሰኞ እንዳዲስ ሰምታ የሳቀችበት? 'ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት' ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከሁለቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። ሁለት ሰው ይበቃኛል። እባካችሁ ቀኑን አስታውሳችሁ፣ ስማችሁንና አድራሻችሁን አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ከፈራችሁም መጥታችሁ አንኳኩ፤ እከፍታለሁ፣ ፊቴን እዩና ጻፉ።»