ያልተሳመው እግር

የታሰርኩበት ክፍል የአባቴ እህል ቤት ነበር። ግቢያችን ተወርሶ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ከሆነ በኋላ ነው እኔን መልሰው ያስገቡኝ። ጎተራው ወጥቷል፤ የኑግና የአይጥ ሽታ ግን አልወጣም። በበሩ ስንጥቅ እናቴ የተከለችው ጌሾ ይታየኛል።

ጥፋቴ የባላባት ልጅ መሆኔ ነው። አባቴ እንፍራንዝ ላይ በጭሰኛ የሚያሳርሰው መሬት ነበረው። እኔ ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጬ ነበር። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል፤ እስከዚያ ካልተፈታሁ ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የመፍታት ሥልጣን የነበራት የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት። ድሮ እኛ ቤት ገረድ ነበረች። «እንደ ልጅ ነበረች» የሚሉ ዘመዶች አሉኝ፤ እኔ አልልም። ማታ ማታ የአባቴን እግር አጥባ፣ እንደ ደንቡ ጎንበስ ብላ ትስም ነበር። ፊደል የቆጠረችው አብዮቱ በከፈተው መሠረተ ትምህርት ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጥበቃው በርጩማና ውኃ የሞላ ሳፋ ይዞ ተከተላት። ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች።

«ምዝገባው ነገ ያበቃል አሉ።»

«አዎ።»

«እጠቢኝና ሂጂ። እኔ ስንት ዘመን ያጠብኩትን አንዴ ብታጥቢ ምን ትሆኛለሽ?»

ጥበቃው ሳቀ። «ኧረ ጓድ፣ እጇ እንዳይሟሟ!»

«አንተ ዝም በል!»

ተንበርክኬ አጠብኩ። ተረከዟ ያው የድሮው ንቃቃት ነበረው። በጣቶቿ መሀል ሳይቀር አጥቤ በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁና ቀና አልኩ። እግሯን አልሰበሰበችም።

«ምነው፣ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«እጠቢ ብለሽኛል፤ አጥቤያለሁ።»

ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። በሩ ከውጭ ተቆለፈ።

ዓርብ አለፈ። በእኔ ቦታ ማሠልጠኛ የገባችው ታናሽ እህቷ ናት። ጥሩ አስተማሪ ሆነች፤ የወንድሜን ልጆች አስተምራለች። እኔ ስፈታ ሳንጃ ወርጄ ሰሊጥ ሳበጥር ኖርኩ።

ያ ሥርዓት ባይመጣ ሁለቱ እህትማማቾች ሳፋ እንደያዙ ያረጁ ነበር፤ ይህን አልክድም። ለእነሱ መውጣት የእኔ መውረድ ለምን እንዳስፈለገ ግን እስካሁን ያስረዳኝ የለም።

ዛሬ እኔና የያኔዋ ሊቀ መንበር አርጅተናል፤ ዕድራችንም አንድ ነው። በቅርቡ ታመመች አሉና ከዕድሩ ሴቶች ጋር ልጠይቃት ሄድኩ። ወድጄ አይደለም፤ ዕድር ነው። እግሮቿ አብጠዋል። ከጭልጋ ገጠር የመጣች ሠራተኛዋ ለብ ባለ ውኃ አጠበቻትና ልትስም ጎንበስ አለች። ታማሚዋ ቀና ብላ አየችኝ። እግሯን ሰበሰበች።

«ተይው» አለቻት።

ለሠራተኛዋ ብላ ይሁን ለእኔ፣ አልጠየቅሁም። ፎጣው ከእኔ አጠገብ ነበር። አንስቼ አቀበልኩ። ለሠራተኛዋ ነው ያቀበልኩት።